ወደ ስፖርት ማርኬቲንግና ቡድን አስተዳደር ሙያ ለመግባት፦ የአንድ የውድድር ዘመን የአሠራር መመሪያ

«በስፖርት ማርኬቲንግና በቡድን አስተዳደር መሥራት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» የሚለው ጥያቄ ከቀድሞ ተጫዋቾች፣ ከማርኬቲንግ ተመራቂዎችና ክለባቸውን ለዓመታት በነጻ ካገለገሉ ሰዎች በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። ለእያንዳንዱ ጠያቂ ለየብቻ ስሰጥ የቆየሁትን መልስ እዚህ በቅደም ተከተል አስፍሬዋለሁ። ክለብ ስሙንና ገንዘቡን አምኖ የሚሰጠው፣ የገባውን ቃል መዝግቦ፣ በጊዜው ፈጽሞ፣ መፈጸሙንም በማስረጃ ማሳየት ለሚችል ሰው ነው። ስለዚህ መመሪያው በአንድ የውድድር ዘመን ውስጥ ይህ ማስረጃ በእጅዎ እንዲገባ ተደርጎ ተዘጋጅቷል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቡድኑ የሚሳተፍበት ውድድር ደንብ፣ የተሻሻሉ አንቀጾችን ያካተተው የቅርብ ጊዜ እትም።
- የክለቡ መተዳደሪያ ደንብ። ውል የመፈረም ሥልጣን የማን እንደሆነ የሚገኘው በዚህ ሰነድ ነው።
- ክለቡ ከዚህ በፊት የፈረማቸውና ገና ያላበቁ ውሎች ሙሉ ቅጂ። «በቃል የተስማማነው ነው» የሚባል ነገር ካለ እሱንም ጽፈው ያያይዙት።
- የውድድሩ መርሐ ግብርና የተጫዋቾች ምዝገባ የሚከፈትባቸውና የሚዘጋባቸው ቀናት።
- ሦስት መዝገቦች፦ የመብቶች፣ የግዴታዎች፣ የገቢና ወጪ። በኮምፒውተር ሰንጠረዥ ቢሠሩ ይመረጣል፤ ደብተርም ያገለግላል።
- ፎቶ ሲያነሳ ቀንና ሰዓት የሚመዘግብ ስልክ።
- ከመፈረሙ በፊት ውሉን የሚያነብልዎ የሕግ ባለሙያ።

ደረጃ 1፦ አነስተኛ ቡድን ይምረጡና የሥራ ድርሻዎን በጽሑፍ ያስወስኑ

በትልቅ ክለብ ውስጥ የስፖንሰር ሽያጭ፣ የውል አፈጻጸም፣ የጉዞ ዝግጅትና የተጫዋቾች ምዝገባ የተለያዩ ክፍሎች ሥራ ስለሆኑ፣ አዲስ ገቢ የሚያየው አንዱን ጠባብ ክፍል ብቻ ነው። በዝቅተኛ ዲቪዚዮን፣ በሴቶች ወይም በወጣቶች ቡድን ግን ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ስለሚገናኝ፣ ዘግይቶ የደረሰ የምዝገባ ወረቀት የስፖንሰርን ገንዘብ እንዴት እንደሚያሳጣ በዓይንዎ ያያሉ።

ከክለቡ ጋር ሲስማሙ ሦስት ጉዳዮች በደብዳቤ ይስፈሩልዎ፦ የትኞቹን ሰነዶች ማየት እንደሚፈቀድልዎ፣ ተጠሪነትዎ ለማን እንደሆነ፣ በክለቡ ስም ድርጅቶችን ማነጋገር ይችሉ እንደሆነ። ይህ ደብዳቤ ከሌለ፣ የሚያነጋግሩት ድርጅት «ማን ላከዎት?» ሲል መልስ አይኖርዎትም። ክፍያዎ በኮሚሽን ከሆነ ደግሞ መቶኛው ብቻ ሳይሆን የሚከፈልበት ጊዜም ይጻፍ፤ ኮሚሽኑ ውሉ ሲፈረም ሳይሆን ገንዘቡ በክለቡ ሒሳብ ሲገባ የሚከፈል ቢሆን ለሁለታችሁም ይበጃል፤ ምክንያቱም ተፈርሞ ያልተከፈለ ውል በዚህ ሙያ ውስጥ ብርቅ አይደለም።

ደረጃ 2፦ የውድድሩን ደንብ በሁለት ቀለም ያንብቡ

ደንቡን ሲያነቡ የክለቡ የሆኑትን መብቶች በአንድ ቀለም፣ የውድድሩ አዘጋጅ የሆኑትን በሌላ ቀለም ያስምሩ። ማልያ፣ የሜዳ ዙሪያ ሰሌዳ፣ የስታዲየም ስም፣ የቴሌቪዥን ሥርጭት፣ ቃለ መጠይቅ የሚሰጥበት ሰሌዳና ትኬት፣ እያንዳንዳቸው ባለቤት አላቸው፤ ባለቤቱም ከውድድር ወደ ውድድር ይለያያል። ክለቡ የራሱ ያልሆነውን መብት ከሸጠ የገባውን ቃል መፈጸም ስለማይችል፣ ገንዘቡን መመለስ ብቻ ሳይሆን ካሳም ሊጠየቅ ይችላል።

ልዩነቱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ጥቂት ምሳሌዎች ያሳያሉ። በ2006 የዓለም ዋንጫ ወቅት የሙኒኩ አሊያንዝ አሬና የስፖንሰሩን ስም ትቶ «የፊፋ ዓለም ዋንጫ ስታዲየም ሙኒክ» ተብሎ ነበር፤ ስታዲየሙን በስሙ ያስጠራው ድርጅት የፊፋ የውድድር ስፖንሰር አልነበረምና። የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ በ2017/18 የውድድር ዘመን በማልያ ላይ የስፖንሰር ምልክት ሲፈቅድ መጠኑን 2.5 ኢንች በ2.5 ኢንች ብሎ ወስኗል። የኦሎምፒክ ቻርተር ደንብ 40 ደግሞ የተሳታፊዎች ስም፣ ምስልና ውጤት በጨዋታዎቹ ወቅት ለማስታወቂያ የሚውልበትን ሁኔታ ይገድባል። ስለዚህ ለአትሌት ወይም ለቡድን ውል ሲያዘጋጁ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው መብት በአንድ ትልቅ ውድድር ጊዜ ሊታገድ እንደሚችል አስቀድመው ለስፖንሰሩ መንገር ይኖርብዎታል።

ይህን ደረጃ ራሴ ዘልዬው ተቀጥቼበታለሁ። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ለአንድ ቡድን የመጠጥ አምራች ስፖንሰር አስፈርሜ፣ ሰሌዳዎቹ ተሠርተው ከተተከሉ በኋላ፣ በመክፈቻው ጨዋታ ዕለት የውድድሩ ተወካይ መጥቶ አስነሣቸው፤ ውድድሩ በዚያው የምርት ዘርፍ ማዕከላዊ ስፖንሰር ነበረው፤ ክልከላውም በደንቡ ውስጥ በግልጽ ተጽፎ ነበር። ለስፖንሰሩ የመጀመሪያውን ክፍያ መልሰን፣ የሰሌዳዎቹን ማሠሪያ ወጪ ክለቡ ከኪሱ ሸፈነ። ደንቡን ለማንበብ የሚፈጀው ሁለት ቀን ነበር።

ደረጃ 3፦ አስቀድመው ቡድኑን በሰዓቱ ማንቀሳቀስ ይልመዱ

ብዙዎች ይህን «የጽሕፈት ሥራ» ብለው በመናቅ በቀጥታ ወደ ስፖንሰር ፍለጋ ይሄዳሉ። ነገር ግን ለስፖንሰር የሚሸጠው ነገር ሁሉ የቆመው ቡድኑ በተባለው ቀን፣ በተባለው ልብስ፣ በተመዘገቡ ተጫዋቾች ሜዳ ላይ በመገኘቱ ላይ ነው።

የሥራ ሰሌዳዎን ከጨዋታው ቀን ወደኋላ እየቆጠሩ ያዘጋጁ። ጨዋታው ከሚደረግበት ቀን ተነሥተው ቡድኑ የሚደርስበትን ቀን፣ ትኬት የሚቆረጥበትን ቀን፣ ቪዛ የሚጠየቅበትን ቀን፣ ፓስፖርቶች የሚሰበሰቡበትን ቀን ይጻፉ። ፓስፖርት ሲሰበስቡ የሚያበቃበትን ቀን ይመልከቱ፤ ብዙ አገሮች ቢያንስ የስድስት ወር ቀሪ ጊዜ ያለው ፓስፖርት ስለሚጠይቁ፣ ዛሬ የሚሠራ ፓስፖርት ለጉዞው ላይበቃ ይችላል።

በእግር ኳስ ተጫዋች ከአንድ አገር ፌዴሬሽን ወደ ሌላው ሲዛወር ዓለም አቀፍ የዝውውር የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ ይህም የሚፈጸመው በፊፋ የኤሌክትሮኒክ የዝውውር ሥርዓት ነው። የምዝገባው መስኮት ከተዘጋ በኋላ የሚደርስ ማመልከቻ በአብዛኛው ተቀባይነት ስለማያገኝ፣ ሰነዶቹን በመጨረሻው ቀን ለማስገባት አያቅዱ። በአንድ ሰነድ ላይ የሚታይ የስም አጻጻፍ ልዩነት እንኳ ማመልከቻውን ለቀናት ሊያዘገየው ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ በፀረ አበረታች ቅመሞች የምርመራ ቋት ውስጥ የተመዘገቡ አትሌቶች ለእያንዳንዱ ቀን ለምርመራ የሚገኙበትን ቦታና የ60 ደቂቃ ጊዜ አስቀድመው ማሳወቅ ይኖርባቸዋል። በ12 ወራት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሳይገኙ መቅረት ወይም መረጃውን አለመሙላት እንደ ደንብ ጥሰት ይቆጠራል። ኃላፊነቱ የአትሌቱ ነው፤ ሆኖም በረራውን ወይም ሆቴሉን የቀየሩት እርስዎ ከሆኑ፣ ለውጡን በዚያው ሰዓት ለአትሌቱ ያሳውቁትና መረጃውን ማደሱን ያረጋግጡ።

ደረጃ 4፦ የመብቶች መዝገብ ይክፈቱ

አሁን ክለቡ በእርግጥ ሊሸጥ የሚችለውን በዝርዝር ይጻፉ። ለእያንዳንዱ መብት ስድስት ዓምዶች ይኑሩ፦ የመብቱ ዓይነት፣ ብዛቱና መጠኑ፣ የሚታይበት ቦታና ጊዜ፣ ባለቤቱ፣ አስቀድሞ ለማን እስከ መቼ እንደተሰጠ፣ ለመፈጸም የሚያስፈልገው ወጪ። የመጨረሻው ዓምድ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ማልያ ላይ ምልክት ማተም፣ ሰሌዳ ማሠራትና ተጫዋቾችን ለአንድ ቀን ቀረጻ ማጓጓዝ ወጪ ስላላቸው፣ ያልተቆጠረ ወጪ ከስፖንሰሩ ክፍያ ላይ እየተቀነሰ በስም ትልቅ የነበረውን ውል በተግባር ባዶ ያደርገዋል።

በቡድኑ ምስልና በተጫዋቹ የግል ምስል መካከል ያለውን ልዩነት በመዝገቡ ውስጥ በግልጽ ያመልክቱ። ክለቡ ቡድኑን በማልያው ማሳየት መቻሉ አንድን ተጫዋች ለብቻው ነጥሎ የድርጅት ማስታወቂያ ላይ ለማውጣት መብት ይሰጠዋል ማለት አይደለም፤ ይህ በተጫዋቹ ውል ላይ የሚወሰን ነው። ውሉ ዝም ካለ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቁ፤ ዕድሜው ላልደረሰ ተጫዋች ደግሞ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፊርማ ያስፈልጋል።

ደረጃ 5፦ ዋጋ ይተምኑ

መነሻው ለመፈጸም የሚያስፈልገው ወጪ ነው፤ ከዚያ በታች አይሽጡ። ቀጥሎ ድርጅቱ ያንኑ ያህል ሰው በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በሬዲዮ ወይም በመንገድ ሰሌዳ ለመድረስ ስንት እንደሚያወጣ ያነጻጽሩ። በመጨረሻ በምርት ዘርፉ ብቸኛ ስፖንሰር ለመሆን የሚጠይቅ ከሆነ ተጨማሪ ዋጋ ይጨምሩ፤ ምክንያቱም በዚያ ዘርፍ ሌላ ድርጅት የማነጋገር ዕድልዎን እየዘጉለት ነው።

ብቸኝነት ያለውን ዋጋ ለክለብ አመራር ማስረዳት ሲያስቸግርዎ የ1984ቱን የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ይጥቀሱ። በፒተር ዩቤሮት የተመራው አዘጋጅ ኮሚቴ የስፖንሰሮችን ቁጥር ቀንሶ በየዘርፉ አንድ ድርጅት ብቻ ተቀበለ፤ ጨዋታውም ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ትርፍ ሲያስመዘግብ ይህ አሠራር ከዋና ዋና ምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴም በ1985 በዚሁ መርሕ ላይ የተመሠረተ የራሱን የስፖንሰር ፕሮግራም ጀመረ። በአነስተኛ ክለብም ቢሆን አሥራ አምስት ትናንሽ ምልክቶች የታጨቁበት ማልያ ለአንዳቸውም አይጠቅምም።

ደረጃ 6፦ ድርጅቱን በአንድ ገጽ ይቅረቡ

ለመቶ ድርጅት አንድ ዓይነት ደብዳቤ ከመላክ ይልቅ አሥር ድርጅቶችን መርጠው ለእያንዳንዳቸው የተለየ አንድ ገጽ ያዘጋጁ። ገጹ ክለቡ ገንዘብ እንደሚያስፈልገው ሳይሆን ድርጅቱ ሊደርስባቸው የሚፈልጋቸው ሰዎች በክለቡ ዙሪያ እንዳሉ ማሳየት አለበት፦ በሜዳ የሚገኘው የተመልካች ብዛት፣ ዕድሜና ጾታ፣ ደጋፊዎቹ የሚገኙባቸው ሰፈሮች፣ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚከታተሉት ሰዎች። ቆጥረው ያላረጋገጡትን ቁጥር አይጻፉ፤ ድርጅቱ አንድ ጊዜ ወደ ሜዳ መጥቶ ግማሽ ባዶ መቀመጫ ካየ የቀሩትን ቁጥሮችዎንም አያምንም።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ከመናገር ይልቅ ይጠይቁ። ማንን መድረስ እንደሚፈልጉ፣ ስኬትን በምን እንደሚለኩ፣ የሚቀጥለው ዓመት በጀታቸው መቼ እንደሚጸድቅ ይወቁ። በጀቱ ከጸደቀ በኋላ የሚደርስ መልካም ሐሳብ ዓመት ይጠብቃል። እንዲሁም ስፖርት የሚወድደው ሰውና የሚፈርመው ሰው አንድ ላይሆኑ ስለሚችሉ፣ ውሳኔው በማን እጅ እንደሆነ በትሕትና ያጣሩ።

ደረጃ 7፦ ውሉን በክፉ ቀን ዓይን ይጻፉ

ውል የሚነበበው ነገር ሲበላሽ ነው። ስለዚህ ረቂቁን ይዘው ለእያንዳንዱ አንቀጽ «ይህ ባይሆንስ?» ብለው ይጠይቁ።

ሀ) የምርት ዘርፉ በትክክል ይተርጎም። «መጠጥ» ማለት የታሸገ ውኃን ይጨምራል? «ባንክ» ማለት የሞባይል ገንዘብ ማስተላለፊያን ይጨምራል? ያልተተረጎመ ዘርፍ ሁለት ስፖንሰሮችን በአንድ ማልያ ላይ ያጋጫል።

ለ) ክፍያው በቀናት የተከፋፈለ ይሁን። የመጀመሪያው ክፍያ ምልክቱ ከመታተሙ በፊት ይግባ።

ሐ) ስፖንሰሩ ምልክቱ የሚታይበትን ንድፍ የሚያጸድቅበት የጊዜ ገደብ ይኑር። ማልያው ወደ ሕትመት የሚገባበት ቀን ደርሶ ፈቃድ መጠበቅ የውድድሩን መክፈቻ ያለ ማልያ ያስቀራል።

መ) አንዱ ወገን ቢከስር ወይም ስሙ ቢጎድፍ ምን እንደሚሆን ይጻፍ። የሂዩስተን አስትሮስ የቤዝቦል ቡድን ስታዲየሙን በኃይል ኩባንያው በኢንሮን ስም አስጠርቶ ነበር፤ ኢንሮን በታኅሣሥ 2001 ሲከስር ስሙ በስታዲየሙ ላይ እንዳለ ነበርና ቡድኑ በ2002 መብቱን መልሶ ለመግዛት 2.1 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። አደጋው በተቃራኒው አቅጣጫም ይመጣል፦ በጥቅምት 2012፣ በብስክሌት ተወዳዳሪው ላንስ አርምስትሮንግ ላይ የተደረገው የአበረታች ቅመሞች ምርመራ ዘገባ ከወጣ በኋላ፣ የኔዘርላንዱ ራቦባንክ ከሙያ ብስክሌት ስፖንሰርነት መውጣቱን አስታወቀ፤ አርምስትሮንግ ግን በራቦባንክ ቡድን ውስጥ ተወዳድሮ አያውቅም። አንድ ቡድን ባላጠፋው ጥፋት ስፖንሰር ሊያጣ ስለሚችል፣ ስፖንሰሩ ውል የሚያቋርጥበት ምክንያትና የሚሰጠው የማስጠንቀቂያ ጊዜ የተወሰነ ይሁን።

ሠ) ውድድሩ ቢራዘም፣ ቢሰረዝ ወይም ያለ ተመልካች ቢካሄድ ክፍያው እንዴት እንደሚስተካከል ይስፈር። የቶኪዮ 2020 ኦሎምፒክ ወደ 2021 መዛወሩና በአብዛኛው ያለ ተመልካች መካሄዱ ይህ አንቀጽ ለማንም እንደሚያስፈልግ አሳይቷል።

ረ) ውሉ ሲያበቃ የቀድሞው ስፖንሰር በቅድሚያ የመደራደር መብት ካለው፣ መብቱ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍለት። አለበለዚያ አዲስ ስፖንሰር በእጅዎ እያለ መፈረም አይችሉም።

ማስጠንቀቂያ፦ ገንዘብ የሚሰጥ አካል በተጫዋቾች ምርጫ፣ በዝውውር ወይም በቡድኑ አሠራር ላይ ውሳኔ እንዲሰጥ የሚያደርግ አንቀጽ በፍጹም አይቀበሉ። ፊፋ የሦስተኛ ወገን ተጽዕኖን ይከለክላል፤ ሦስተኛ ወገን ከተጫዋች የወደፊት ዝውውር ድርሻ እንዲይዝም ከግንቦት 1 ቀን 2015 ጀምሮ አግዷል። «ስፖንሰር እናደርጋችኋለን፣ ተጫዋቹ ሲሸጥ ግን ድርሻ ይኖረናል» የሚል ሐሳብ ሲመጣ ገንዘቡ የቱንም ያህል ቢያጓጓ ክለቡን ለቅጣት ያጋልጣል። የትምባሆ፣ የአልኮልና የውርርድ ድርጅቶችን በተመለከተም ከመነጋገርዎ በፊት ሕጉን ያጣሩ፤ ጉዳዩ ከአገር አገር ይለያያል፣ ይለወጣልም።

ደረጃ 8፦ ቃሉን ይፈጽሙ፤ ያልተፈጸመውንም ይመዝግቡ

ውሉ በተፈረመ ማግስት እያንዳንዱን ግዴታ ከውሉ አውጥተው በግዴታዎች መዝገብ ውስጥ ያስገቡ፦ ምን፣ ለማን፣ እስከ መቼ፣ በማን ኃላፊነት። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ሰሌዳዎቹን ዞረው ይዩ፤ ፎቶ ያንሡ፤ ፎቶዎቹን በቀን ከፋፍለው ያስቀምጡ። በወሩ መጨረሻ ለስፖንሰሩ ሁለት ገጽ የማይበልጥ ሪፖርት ይላኩ።

በሪፖርቱ ውስጥ ያልተፈጸመውንም ይጻፉ። ሰሌዳው በነፋስ ወድቆ ግማሽ ጨዋታ ካመለጠ፣ ስፖንሰሩ ከሌላ ሰው ከመስማቱ በፊት ከእርስዎ ይስማው፤ ከዜናውም ጋር ማካካሻውን አብረው ያቅርቡ። ብዙዎች ሪፖርትን የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ የሚሠራ ወረቀት አድርገው ያዩታል፤ ድርጅቱ ውሉን ለማደስ ወይም ለመተው የሚወስነው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በጀቱን ሲያዘጋጅ ነው። እኔ ካየኋቸው ውሎች አብዛኞቹ የታደሱት ቡድኑ ስላሸነፈ ሳይሆን ሪፖርቱ ሳይቋረጥ ስለደረሰ ነው፤ ወራጅ ቀጠና ውስጥ የነበረ ቡድን እንኳ ስፖንሰሩን ይዞ ሲቀጥል አይቻለሁ።

ደረጃ 9፦ ማኅደርዎን አዘጋጅተው ወደሚቀጥለው ኃላፊነት ያመልክቱ

የውድድር ዘመኑ ሲያበቃ በእጅዎ የሚኖረው ማኅደር የመብቶች መዝገቡን ቅርጽ፣ አንድ የተፈጸመ ስምምነት ያለፈበትን ሂደት፣ የሪፖርት ናሙናና ከክለቡ የተጻፈ የሥራ ማረጋገጫ የያዘ መሆን አለበት። የክፍያ መጠንና የተጫዋቾች የግል መረጃ ሚስጥር ስለሆኑ ያውጧቸው፤ የአንዱን ክለብ ሚስጥር ለሥራ ፍለጋ የሚያሳይ ሰው የሚቀጥለው ክለብም አያምነውም።

መደበኛ ትምህርት መጨመር ከፈለጉ ጊዜው አሁን ነው። በአሜሪካ የኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ በስፖርት አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት ከ1966 ጀምሮ ይሰጣል፤ ፊፋ ማስተር የተባለው ፕሮግራም ደግሞ በእንግሊዝ፣ በጣሊያንና በስዊዘርላንድ ባሉ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች እየተዘዋወሩ የሚማሩት ነው። ከሥራ በኋላ የሚገባ ተማሪ በክፍል ውስጥ የሚነሣውን ጉዳይ ከራሱ መዝገብ ጋር እያገናኘ ስለሚማር፣ ትምህርቱን ከሥራው ማስቀደም አልመክርም።

ማስጠንቀቂያ፦ የእግር ኳስ ወኪልነት የተለየ ሙያ ነው። ፊፋ በ2023 ሥራ ላይ ባዋለው ደንብ መሠረት ወኪል ለመሆን ፈተና አልፎ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ የክለብ ባለሥልጣን ወይም ሠራተኛ የሆነ ሰውም ፈቃዱን ማግኘት አይችልም። በክለብ ውስጥ እየሠሩ «በጎን» ተጫዋች ማዛወር ሙያዎን ገና ሳይጀመር ሊያስቆመው ይችላል።

በተደጋጋሚ የሚታዩ ስሕተቶች

- አንድን መብት ለሁለት ድርጅቶች መስጠት። ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ከክፋት ሳይሆን ሊቀ መንበሩ በቃል፣ ማርኬቲንግ ክፍሉ በጽሑፍ ስለሚሸጡ ነው። መዝገቡ አንድ ብቻ ይሁን፣ ሊቀ መንበሩም ከመስማማታቸው በፊት እንዲያዩት ይጠይቁ።
- ውጤትን ቃል መግባት። «ዋንጫ እንወስዳለን» ብሎ የተሸጠ ስፖንሰርሺፕ በሦስተኛው ሽንፈት ይፈርሳል። የሚሸጡት በእርስዎ ቁጥጥር ሥር ያለውን ብቻ ይሁን።
- በዓይነት የተሰጠን ድጋፍ በገበያ ዋጋ እንደ ጥሬ ገንዘብ መቁጠር። የትጥቅ ስጦታ ለትጥቅ የተያዘውን ወጪ ይቀንሳል እንጂ ደመወዝ አይከፍልም፤ በገቢና ወጪ መዝገቡ ውስጥ ለብቻው ይቀመጥ።
- ተጫዋቾችን ለስፖንሰር ዝግጅት ከአሠልጣኙ ሳይማከሩ መጥራት። ቀኑ ከልምምድ ወይም ከዕረፍት ጋር ከተጋጨ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚተባበርዎ አያገኙም። በውድድር ዘመኑ መጀመሪያ ከአሠልጣኙ ጋር ተቀምጠው ለስፖንሰር የሚውሉትን ቀናት አስቀድመው ይያዙ።
- ሰነድ ሳያስረክቡ መልቀቅ። ወደ ሌላ ክለብ ሲሄዱ ሦስቱን መዝገቦች፣ የውሎቹን ቅጂዎችና የቀሩትን ግዴታዎች ዝርዝር ለተተኪዎ በፊርማ ያስረክቡ፤ የርክክቡን አንድ ቅጂ ለራስዎ ያስቀሩ፤ ለስፖንሰሮቹም ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያገኙት ሰው ማን እንደሆነ ራስዎ ደውለው ይንገሯቸው።